ጀምበር
ኮሚክ መጽሐፍ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፤ እጣን ኮሚክስ፣ 2018 እ.ኤ.አ.

አማኑኤል ጥላሁን 22 ዓመቱ ነው። ኮሌጅ ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ ሲፈልግ ልዩ ኃይል ያገኛል። ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ማስታወቂያ ሰሌዳ ለሚያስስ ወጣትም ጭንቀቱ እንግዳ አይደለም፤ የታሪኩ ትልቁ ጉልበት ይህ ነው።

ደራሲው ብስራት ደበበ፣ ልጅ ሳለ በሚወዳቸው የጀግና ታሪኮች ውስጥ ያጣውን ኢትዮጵያዊ ገጸ ባሕርይ ከሠዓሊዎች ጋር ፈጠረ።

የኮሚክ ገጽ የሚጀምረው በእርሳስ ንድፍ ነው። ክፈፎቹ ይከፋፈላሉ፤ የገጸ ባሕርያቱ አቋም ይሞከራል፤ ለንግግር የሚተወው ቦታም ይለካል። መጽሐፉ በሁለት ቋንቋ ሲወጣ ደግሞ ልኬታው ይከብዳል፤ አንዱ ሥዕል ርዝመታቸው የማይገጥም ዓረፍተ ነገሮችን መያዝ አለበት።

ከጀምበር ቀጥሎ አሳታሚው በሴት ጀግና የሚመራውን «ሀዊ» የተባለ ተከታታይ ጀመረ።