ሁለቱ ወንበሮች

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ረጅም መንገድ ነው። ከድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ይነሳል፣ ፓርላማው ካለበት አራት ኪሎ ይደርሳል። የሚጓዝበትም በከተማው ምክር ቤት ተቀምጦ የሰፈሩን ጉዳይ ሲሟገት ቆይቶ፣ አንድ ቀን «አሁንስ ለፓርላማ እወዳደራለሁ» ብሎ የሚነሳ ሰው ነው።

ከዚራን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ መጥቶ እዚህ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ናት፤ ሐዲዱ ወደዚያ መውጣት ስላልሆነለት ከተማዋ ሜዳው ላይ ተቆረቆረች፤ ስሟንም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» አሏት። ፈረንሳዮቹ መሐንዲሶች ከዚራን በቀጥታ መስመር ቀየሱት፤ ጎዳናው ሰፊ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ። ከደቻቱ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር በጠባብ በጠባብ መተላለፊያው በራሱ ወግ አደገ። መሐል ላይ ደቻቱ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ወንዝ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሰው በተኛበት ሌሊት ጎርፉ ደርሶ ከ200 በላይ ነፍስ ወሰደ። ድሬ ውስጥ ድምፅ የሚለምን ሁሉ ይህን አሸዋ ይሻገራል፤ ሲሻገርም ያን ሌሊት ያልረሳ ሕዝብ ዘንድ እንደሚሄድ ማወቅ አለበት።

የቅስቀሳው ወግ እንዲህ ነው። እኩለ ቀን ላይ አይሞከርም፤ በዚያ ሙቀት ሱቁ ተዘግቶ ሰው ሁሉ ጥላ ውስጥ ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ ግን ሞንታርቦ የጫነ ፒካፕ ከዚራ ላይ ብቅ ይላል፤ ባጃጆቹ ጥሩንባቸውን እየነፉ ይከተላሉ። ተወዳዳሪው በአማርኛ የጀመረውን ንግግር ደቻቱን ሲሻገር በኦሮምኛ ይቀጥለዋል፤ ሌላው ሰፈር ደርሶ በሶማሊኛ ይጨርሰዋል። ሦስቱንም የሚችል ሰው ድሬ ውስጥ ብርቅ አይደለም፤ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ የማያውቅ ግን ገና ከመነሻው ተሸንፏል። ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ሲገባ ነው ጥያቄው የሚመጣው። ደጃፏ ላይ የተቀመጠች እናት ቀና ብላ «አቦ፣ ባለፈውም መጥታችሁ ነበር! የውሃውን ነገር ምን አደረሳችሁት?» ትለዋለች። በምክር ቤት አምስት ዓመት የተቀመጠ ሰው ከዚህ ጥያቄ ማምለጫ የለውም። አዲስ ተወዳዳሪ ተስፋ ይሰጣል፤ ይህኛው ግን የሠራውን መቁጠር አለበት።

አሁን ወደ ወንበሮቹ ልምጣ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው። ለኦሮሚያ 178፣ ለአማራ 138፣ ለአዲስ አበባ 23 ተደልድሎ ነበር። ለድሬዳዋ 2። አዎ፣ ሁለት! ሌላ በርም የለም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የሚልኩት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፤ ድሬዳዋ ደግሞ ክልል አይደለችም። ሕገ መንግሥቱ ክልሎቹን ሲዘረዝር ስሟን አልጠራም። ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ ሆና የምትተዳደርበትን ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 416/1996ን፣ ያወጣው አራት ኪሎ ያለው ምክር ቤት ነው፤ የሚያሻሽለውም እርሱ ነው። የከዚራ ሰው ከንቲባው እንዴት እንደሚመረጥ፣ የከተማው ምክር ቤት ምን ሥልጣን እንዳለው የሚወስነው ሕግ ሲጻፍ፣ ከ547 እጅ የእርሱ የሚባለው ሁለት ብቻ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ነገር አይደለም። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የተመረጠው የድሬዳዋ ምክር ቤት ዘመኑ 5 ዓመት ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ምርጫ መደረግ ነበረበት። አልተደረገም። ያራዘመው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ቀጥሎም እንደገና ተገፋና ሕዝቡ የምርጫ ሣጥን ያየው በ2013 ዓ.ም. ሆነ። ለ5 ዓመት የተላከ ተመራጭ 8 ዓመት ተቀመጠ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለአካለ መጠን ደርሶ አንድም ቀን ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ያልሰጠ ስንት የድሬ ወጣት አለ!

ከተሞች የራሳቸውን ሰው ወደ ላይ መላካቸው የቆየ ጉዳይ ነው። በ1924 ዓ.ም. የተከፈተው የመጀመሪያው ፓርላማ ሕዝብ የመረጠው አልነበረም። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ከ30 ሺህ በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ የራሱን እንደራሴ እንዲልክ ፈቀደ። በዚሁ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ምርጫ ሲደረግ ፓርቲ የሚባል አልነበረም። እያንዳንዱ በስሙ፣ በወገኑና በኪሱ ይወዳደር ነበር፤ ዕድሜው 25 የሞላና ንብረት ያለው መሆንም ነበረበት። በዚያ ምርጫ ከተመረጡት መካከል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ሳልጠቅስ አላልፍም። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ተምረው መጡ፤ ጣሊያን ሲወር ከአርበኞቹ ጋር ተሰለፉ፤ ተይዘውም አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ ከዚያ ነው ለፓርላማ የተወዳደሩት። አሸንፈው ገቡ፤ የምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። እኚህ ሴት ድምፅ ሲጠይቁ ሕዝቡ የሚያየው የኋላ ሥራቸውን ነበር። ምርጫ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ደርግ በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ ሲያስመርጥ ወንበሩ 835 ደረሰ፤ ድሬዳዋም በዚያው ዘመን ራስ ገዝ ተባለች። ፓርቲው ግን አንድ ነበር። ብዙ የምለው የለኝም።

በግንቦት 2007 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወሰዱ። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ወደዚያ ወደ ፒካፑ ተመለሱ። ገዥው ፓርቲ ሁሉንም በሚባል ደረጃ በሚያሸንፍበት አገር፣ ለፓርላማ የሚወዳደረው የምክር ቤት አባል ትልቁ ውድድሩ ከዚራ ጎዳና ላይ አይደለም፤ ዕጩዎች በሚለዩበት የፓርቲ ስብሰባ ነው። ሞንታርቦው ሲጮህ ወሳኙ ነገር አልቋል። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው። ያቺ ደጃፏ ላይ የተቀመጠች እናት የጠየቀችው ጥያቄ ዕጩው በተለየበት ስብሰባ ላይ ማን አነሳላት?

በ2013ቱ ምርጫ የድሬዳዋና የአዲስ አበባ ድምፅ አሰጣጥ ከሌላው አገር በሳምንት ዘግይቶ እንዲሆን ነበር መጀመሪያ የታቀደው። ኋላ ተሸጋሸገና ሰኔ 14 ቀን ሆነ። ከዚያ በፊት 4 ቀን ቅስቀሳ ቆመ፤ ሞንታርቦው ዝም አለ። የብልጽግና ምልክት አምፖል፣ የኢዜማ ሚዛን ነበር። መራጩ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወጣ። ድምፁ እዚያው ጣቢያው ውስጥ ተቆጥሮ ውጤቱ በር ላይ ይለጠፋል፤ ማንም መንገደኛ ቆሞ ማንበብ ይችላል። ያች ወረቀት ትንሽ ናት፤ ለእኔ ግን ከንግግሩ ሁሉ ትበልጣለች።

የድሬ ሰዎች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከምክር ቤት ተነስቶ ለፓርላማ ምረጡኝ የሚላችሁ ሲመጣ ሻይ ጋብዙትና አስቀምጡት። በምክር ቤት ሳለ ስለ ደቻቱ ምን ተናግሮ እንደነበር፣ ባቡሩ ሲዳከም ሥራ ላጡት ምን እንዳለ፣ አራት ኪሎ ሲገባ ቻርተሩ ውስጥ የትኛውን አንቀጽ እንዲሻሻል እንደሚጠይቅ በሰው ፊት ያስረዳችሁ። መልሱን የምትሰሙት ሦስት ሆናችሁ ከሆነ ሠላሳ ሁኑ። ካሸነፈም በኋላ አትልቀቁት፤ ተወካይ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ሲያጣበት ከምክር ቤት ሊያነሳው እንደሚችል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ ተጽፏል።