የስዊዘርላንድ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድዮች

የስዊዘርላንድ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድዮች በአልፕስ ተራሮች ውስጥ ገደልና ሸለቆ ለማሻገር በብረት ገመድ ተወጥረው የተሠሩ፣ ተሽከርካሪ የማያልፍባቸው መተላለፊያዎች ናቸው። ዛሬ ከብዙ አገር ጎብኚ ይጎርፍባቸዋል። ይሁን እንጂ ከመካከላቸው እጅግ የሚደነቁት ለትርኢት ተብለው የተሠሩ አይደሉም፤ ምክንያታቸው የቀድሞው መንገድ መጥፋቱ ነው። የበረዶ ግግር ቀለጠ፣ ቋጥኝ ተናደ፣ እግረኛውም መሻገሪያ አጣ።

ለዚህ ዋናው ምስክር በበርን ካንቶን፣ ከጋድመን ሸለቆ በላይ ያለው የትሪፍት ድልድይ ነው። ከዚህ ቀደም ወደ ስዊስ አልፓይን ክለብ የትሪፍት መጠለያ የሚወጣ ተጓዥ፣ የትሪፍትን የበረዶ ግግር የታችኛውን ጫፍ ረግጦ ወደ ማዶ ይሻገር ነበር። ግግሩ እየሳሳ ወደ ላይ ሲሸሽ፣ በተወው ጎድጓዳ ቦታ ሐይቅ ተፈጠረ፤ መንገዱም ተቆረጠ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2004 በኔፓል ተራሮች የሚታወቀውን የገመድ ድልድይ አርአያ ያደረገ መሻገሪያ ተዘረጋ። የመጀመሪያው ድልድይ መድረሻው አስቸጋሪ፣ በነፋስም ክፉኛ የሚወዛወዝ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከፍ ባለ ቦታ ላይ 170 ሜትር በሚረዝም ሌላ ድልድይ ተተካ። አዲሱ ከሥሩ ካለው ውሃ 100 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በመካከሉ ቆሞ ወደ ላይ የሚመለከት ሰው፣ የግግሩን ቅሪት ከተላጠው ዓለት በላይ ያያል። የአየር ንብረት ለውጥን በዓይን ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። በዚሁ ስፍራ ለኤሌክትሪክ ኃይል ግድብ የመሥራት ዕቅድ በመኖሩም፣ የሸለቆው ገጽታ ወደፊት ዳግም ሊለወጥ ይችላል።

የኔፓል ስም እዚህ መነሳቱ ያለ ነገር አይደለም። ሄልቬታስ የተባለው የስዊዘርላንድ የልማት ድርጅት በኔፓል ገጠሮች የእግረኛ ድልድይ ሥራን ለአሥርተ ዓመታት ሲደግፍ ቆይቷል፤ በኢትዮጵያም ወንዝ ሲሞላ ከገበያና ከትምህርት ቤት ለሚቆራረጡ ቀበሌዎች ተመሳሳይ ድልድዮች እንዲሠሩ ረድቷል። በእነዚያ አገሮች ድልድዩ የዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው፤ በአልፕስ ደግሞ የተራራ ጎዳናን ሕይወት ያቆያል።

በቫሌ ካንቶን ያለው የአሌች ድልድይም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በአልፕስ በርዝመቱ አንደኛ የሆነው የአሌች የበረዶ ግግር ሲያፈገፍግ፣ በቤላልፕና በሪደራልፕ መካከል የነበረው የእግር መንገድ ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ2008 በማሳ ወንዝ ገደል ላይ የተዘረጋው 124 ሜትር ድልድይ ሁለቱን መልሶ አገናኘ።

በዝና የሚበልጣቸው በራንዳ መንደር አቅራቢያ የሚገኘው የቻርልስ ኩኦነን ድልድይ ነው። ከግሬኸን እስከ ዘርማት የሚዘልቀው ኦይሮፓቬግ የተባለው የተራራ መንገድ፣ በዚህ ቦታ ዘወትር ድንጋይ የሚወርድበትን ተዳፋት ያቋርጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተሠራው የመጀመሪያ ድልድይ ብዙም ሳይቆይ በናዳ ተመታና ተዘጋ። ተጓዦችም ሸለቆ ወርደው እንደገና መውጣት ግድ ሆነባቸው፤ ይህም ሰዓታት የሚፈጅ አድካሚ መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2017 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 494 ሜትር ይረዝማል፤ ከመሬት እስከ 85 ሜትር ከፍ ይላል፤ በአሥር ደቂቃ ገደማ ያሻግራል። ስፋቱ 65 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ጎን ሰጥተው መተላለፍ አለባቸው።

እንዲህ ያለ ረጅም ድልድይ ምሰሶ የለውም። ክብደቱን የሚሸከሙት በሁለቱም ዳር በዓለት ውስጥ የተቀበሩ ወፋፍራም የብረት ገመዶች ናቸው። ገመዱ ይበልጥ በተወጠረ ቁጥር ድልድዩ ይቃናል፤ በመልሕቁ ላይ የሚያርፈው ኃይል ግን በዚያው መጠን ይጨምራል። ስለዚህ መሐንዲሱ ድልድዩ መሐል ላይ ምን ያህል እንዲረግብ መፍቀድ እንዳለበት በጥንቃቄ ያሰላል። ሌላው ፈተና ውዝዋዜ ነው። የብዙ ሰዎች እርምጃ ከድልድዩ የራሱ ንቅናቄ ጋር ሲገጥም ውዝዋዜው እየበረታ ይሄዳል፤ ለዚህም የራንዳው ድልድይ ውዝዋዜን የሚያበርድ ሥርዓት ተገጥሞለታል። የወለሉ ብረት ቀዳዳ ቀዳዳ መሆኑ ነፋስና በረዶ ያሳልፋል። ከእግር ሥር ገደሉን የሚያሳየውም ይኸው ነው።

የራንዳው ድልድይ ሲመረቅ በዓለም ረጅሙ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተብሎ ነበር። ክብሩ ግን ብዙ አልቆየም፤ ከበለጡት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በቼክ ሪፐብሊክ የተከፈተው፣ 721 ሜትር ይረዝማል። የርዝመት ፉክክሩ ለጋዜጣ ርዕስ ይመቻል እንጂ የራንዳውን ድልድይ ዋጋ አይቀንስም።

ሌሎቹ በግልጽ ለጎብኚ የተሠሩ ናቸው። በቲትሊስ ተራራ በ3,041 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ክሊፍ ዎክ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በሌላ ስፍራ ሁለት የተራራ ጫፎችን የሚያገናኘው 107 ሜትር ፒክ ዎክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ተከፈቱ። በኬብል ካር ስለሚደረስባቸው አቅመ ደካማም ያያቸዋል፤ ይህ ትልቅ በጎነት ነው። በቱን ሐይቅ አጠገብ ሲግሪስቪልን ከኤሽለን የሚያገናኘው 340 ሜትር ድልድይ ለመሻገሪያ በተሠሩትና ለጎብኚ በተሠሩት መካከል ይቆማል፤ ጎብኚ ከፍሎ ይሻገረዋል፣ የመንደሩ ሰውም ለዕለት ጉዞው ይጠቀምበታል።

ወደ ትሪፍትና ወደ ራንዳ ለመሄድ አመቺው ወቅት በረዶው ከመንገዱ ከሚነሣበት ከአውሮፓው በጋ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። ወደ ትሪፍት ትንሽ ኬብል ካር ጉዞውን ያሳጥራል፤ ቀሪው ግን የእግር ዳገት ነው። የራንዳው ከመንደሩ ሁለት ሰዓት ያህል ያስወጣል። በዓለትና በዛፍ ላይ በነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ቀለም የተሰመረ ምልክት መንገዱ የተራራ መንገድ መሆኑን፣ ጽኑ እግርና ከፍታ የማይፈራ ልብ እንደሚሻ ያመለክታል። መብረቅ ሲያስገመግም ብረት ላይ መቆም ለሕይወት ያሰጋል፤ ሰማዩ ከጠቆረ ሳይሻገሩ መጠበቅ ወይም መመለስ ይገባል።