በእንግሊዝ አገር ረባሽ ተማሪዎችን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ማባረር

ተማሪን ከትምህርት ቤት ማባረር በእንግሊዝ አገር ርዕሰ መምህር በዲሲፕሊን ምክንያት ብቻ ሊወስደው የሚችል ሕጋዊ ቅጣት ነው። ሁለት ዓይነት ነው፦ ለተወሰኑ ቀናት ማገድ እና ለዘለቄታው ማባረር። እ.ኤ.አ. በ2023/24 የትምህርት ዘመን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች 10,885 የማባረርና 954,952 የእገዳ ውሳኔዎች ተመዝግበዋል። አንድ ተማሪ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ሊታገድ ስለሚችል ሁለተኛው ቁጥር የውሳኔዎች እንጂ የልጆች ብዛት አይደለም። ለሁለቱም ቅጣቶች በብዛት የሚመዘገበው ምክንያት ድብደባ ወይም ስርቆት ሳይሆን «ተደጋጋሚ ረብሻ» ነው።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲባል ወጪው ከግብር የሚሸፈን ማለት ሲሆን አካዳሚ የሚባሉትንም ይጨምራል። እንግሊዞች «ፐብሊክ ስኩል» የሚሏቸው ጥንታዊና ውድ ትምህርት ቤቶች ግን ስማቸው ቢያሳስትም የግል ናቸው፤ ይህ ሕግ አይመለከታቸውም። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድም የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

ሕጉና አሠራሩ

የማባረር ሥልጣን የርዕሰ መምህሩ ብቻ ነው፤ መምህር ተማሪን ከክፍል ሊያስወጣ እንጂ ሊያባርር አይችልም። ለዘለቄታው ለማባረር ሁለት ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው፦ ተማሪው የትምህርት ቤቱን የሥነ ምግባር ደንብ በከባድ ሁኔታ ወይም በተደጋጋሚ መጣሱ፣ እና መቆየቱ የራሱን ወይም የሌሎችን ትምህርትና ደኅንነት ክፉኛ የሚጎዳ መሆኑ። ድርጊቱ መፈጸሙ እንደ ወንጀል ችሎት ያለጥርጥር መረጋገጥ የለበትም፤ ከአለመፈጸሙ ይልቅ መፈጸሙ ሚዛን ከደፋ ይበቃል። እገዳ በአንድ የትምህርት ዘመን በድምሩ ከ45 የትምህርት ቀናት ሊበልጥ አይችልም።

ልጁ ቢባረርም የመማር መብቱ አይቋረጥም። ከስድስተኛው የትምህርት ቀን ጀምሮ የሙሉ ቀን ትምህርት ሊዘጋጅለት ይገባል፤ ለታገደው ትምህርት ቤቱ፣ ለተባረረው የአካባቢው አስተዳደር ያዘጋጃል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ልጁ በትምህርት ሰዓት ያለ በቂ ምክንያት መንገድ ወይም ገበያ ላይ ቢገኝ ግን ወላጅ ይቀጣል።

የማባረር ውሳኔውን የትምህርት ቤቱ የአስተዳደር ቦርድ በ15 የትምህርት ቀናት ውስጥ ይመረምራል፤ ልጁን የመመለስ ሥልጣንም አለው። ቦርዱ ካጸናው ወላጅ ለገለልተኛ ገምጋሚ ጉባኤ ማመልከት ይችላል። እስከ እ.ኤ.አ. 2012 ድረስ የነበረው የይግባኝ ጉባኤ ልጁ እንዲመለስ ማዘዝ ይችል ነበር። እርሱን የተካው ጉባኤ ይህ ሥልጣን የለውም፤ ውሳኔውን ሽሮ ቦርዱ እንደገና እንዲያየው ማዘዝ ብቻ ይችላል። ቦርዱ አሁንም ልጁን ካልመለሰ ትምህርት ቤቱ 4,000 ፓውንድ እንዲከፍል ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ ያሸነፈ ወላጅ እንኳ ልጁ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ሊቀር ይችላል።

መመለስም ቢሆን ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። አንድ የተባረረ ተማሪ እንዲመለስ ከተወሰነ በኋላ የማኅበር አባላት የሆኑ መምህራን አናስተምረውም ብለው ጉዳዩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደርሶ ነበር። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ክርክሩ ስለ ሥራ ሁኔታ የተነሣ የሠራተኛና አሠሪ ክርክር ነው ብሎ ለመምህራኑ ማኅበር ፈረደ።

ታሪክ

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪን መግረፍ ከእ.ኤ.አ. 1987 ጀምሮ ቀርቷል። በ1990ዎቹ የተባራሪዎች ቁጥር እየጨመረ በ1996/97 ወደ 12,668 ደረሰ። ብዙ ተመራማሪዎች ጭማሪውን የፈተና ውጤት በደረጃ መውጣት ከጀመረበት የትምህርት ቤቶች ፉክክር ጋር ያያይዙታል፦ ውጤት የሚያወርድና ክፍል የሚረብሽ ልጅ ለትምህርት ቤቱ ኪሳራ ሆነ። የቶኒ ብሌር መንግሥት ቁጥሩን በሲሶ ለመቀነስ ዒላማ አውጥቶ በ1999/2000 ወደ 8,323 ወረደ፤ ርዕሳነ መምህራን እጃችን ታሰረ ብለው ሲያማርሩ ዒላማው ተተወ። በ2012/13 ወደ 4,630 ከወረደ በኋላ እንደገና ወጣ፤ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ለጥቂት ጊዜ ቀነሰ።

የሚባረሩት እነማን ናቸው

የቀድሞው የሕፃናት ሚኒስትር ኤድዋርድ ቲምፕሰን ለመንግሥት ያዘጋጁት የ2019 ሪፖርት እንደሚያሳየው ከማባረር ውሳኔዎቹ 78 በመቶው የተወሰኑት ልዩ ፍላጎት ባላቸው፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ክትትል በሚደረግላቸው ወይም በድህነት ምክንያት ነፃ ምሳ በሚያገኙ ልጆች ላይ ነው። ሌሎች ምክንያቶች ከግምት ገብተውም የካሪቢያን ዝርያ ያላቸው ጥቁር ተማሪዎች የመባረር ዕድላቸው ከነጭ ብሪታንያውያን 1.7 እጥፍ ነበር። ይህ ቅሬታ የቆየ ነው፤ የግሬናዳ ተወላጁ መምህር በርናርድ ኮርድ በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ የካሪቢያን ልጆች ያለ አግባብ «ዘገምተኛ» እየተባሉ ከመደበኛ ትምህርት ቤት እንደሚወጡ ጽፎ ነበር።

ሪፖርቱ የማባረር ሥልጣን ይቅር አላለም። ዓመቱን በሙሉ የሚታወክ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ልጆችም የሚያጡት ትምህርት አለ፤ ለእነርሱ የሚቆምላቸው የይግባኝ ጉባኤ የለም። ሆኖም ለተባረረው የሚከፈለው ዋጋ ከባድ ነው። ከተባረሩት ውስጥ በእንግሊዝኛና በሒሳብ ጥሩ የማለፊያ ውጤት ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ የሚላኩት ጥቂት ተማሪዎችን ወደሚይዙ ልዩ ማዕከላት ነው፤ ጥራታቸውም ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል።

ያልተመዘገበ ማባረር

በስታቲስቲክስ የማይታይ ሌላ መንገድም አለ። ትምህርት ቤቱ ልጁን «ቁጣው እስኪበርድ» ብሎ ሳይመዘግብ ወደ ቤት ይልካል፤ ወይም ወላጅን «ከመባረር ይልቅ ራስህ አስወጣውና ቤት አስተምረው» ብሎ ያግባባል። የመጀመሪያው ወላጅ ቢስማማም ሕገ ወጥ ነው። ሁለተኛው ለትምህርት ቤቱ ጥቅም ሲባል ከተደረገ የትምህርት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍስቴድ «ከመዝገብ ማውጣት» ብሎ ይነቅፈዋል። የማባረር ደብዳቤ ስላልተጻፈ ቦርድ የሚመረምረው፣ ጉባኤም የሚያየው ውሳኔ አይኖርም፤ የስድስተኛው ቀን ግዴታም አይነሣም።

የስኮትላንድ ንጽጽር

በስኮትላንድ ለዘለቄታው የሚባረሩት በዓመት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በጊዜያዊነት የሚታገዱት ግን በሺዎች ይቆጠራሉ። የእንግሊዝን አሠራር የሚተቹ ይህን እንደ ምሳሌ ያነሣሉ። የስኮትላንድ የመምህራን ማኅበራት በበኩላቸው በክፍል ውስጥ የሚደርስባቸው ጥቃት እየበዛ መሆኑን፣ ልጆቹን ለማቆየት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ባለሙያና ገንዘብም አብሮ እንዳልመጣ ይናገራሉ።