ፊሲደንስ፦ ጥርሰ ስንጥቁ ሞስ

ፊሲደንስ ሞስ ከሚባሉት አበባና ዘር የሌላቸው ትንንሽ ዕፅዋት አንዱ ወገን ነው። በሥሩ ከ400 በላይ ዝርያዎች አሉት። ጥላና እርጥበት ባለበት ሁሉ ይበቅላል፦ በጅረት ዳር ድንጋይ ላይ፣ በደን ውስጥ በተናደ አፈር ላይ፣ በዛፍ ግርጌ። የአገራችን ደኖችም አያጡትም።

ስሙ የላቲን ነው፤ ጥርሱ የተሰነጠቀ ማለት ነው። ያወጣለት በላይፕሲግ ይሠራ የነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ ዮሐን ሄድቪግ ሲሆን፣ ስሙን ያወጣበት መጽሐፍ የታተመው እሱ ካረፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1801 ነበር። የአብዛኞቹ ሞሶች ሳይንሳዊ ስያሜም የሚቆጠረው ከዚሁ መጽሐፍ ጀምሮ ነው።

ጥርስ የተባለው ምኑ ነው? ሞሱ ሲደርስ ቀጭን ዘንግ ያወጣል፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ ባለ ክዳን የስፖር (እንደ ዘር የሚያራባው ብናኝ) ሙዳይ ይቀመጣል። ክዳኑ ሲወድቅ በሙዳዩ አፍ ዙሪያ 16 ቀያይ ጥርሶች ይታያሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ጥርስ ከጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። የአየሩ እርጥበት በተለዋወጠ ቁጥር ጥርሶቹ ስለሚንቀሳቀሱ፣ ስፖሩ ባንዴ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት ይወጣል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ አፍ ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይሰፋም!

በአማርኛ «ጥርሰ ፍንጭት» ቢባል ለጆሮ ይጥማል፤ ግን ፍንጭት በጥርስና በጥርስ መካከል ያለ ክፍተት ነው፤ እዚህ የተከፈለው ራሱ ጥርሱ ነው። ስለዚህ «ጥርሰ ስንጥቅ» የተሻለ ይመስለኛል። ፊሲደንስ የሚለው ሳይንሳዊ ስም ግን እንዳለ ይቆይ።

ጥርሱን ለማየት ጥሩ አጉሊ መነጽር ይፈልጋል፤ ቅጠሉ ግን ቶሎ ያስታውቃል። ቅጠሎቹ ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ተሰልፈው ላባ ይመስላሉ። የእያንዳንዱ ቅጠል ግርጌ ለሁለት ተከፍሎ ግንዱንና የላይኛውን ቅጠል መነሻ ያቅፋል። እንዲህ ዓይነት ኪስ ያለው ቅጠል በሌሎች ሞሶች ላይ እምብዛም ስለማይታይ፣ ሙዳይ ባያወጣም እንኳ ወገኑን መለየት አያስቸግርም።

እርጥበት የሚሻው ያለምክንያት አይደለም። ውኃ የሚስብ እውነተኛ ሥር የለውም፤ በገላው ነው የሚጠጣው። የወንዴው ሕዋስም ወደ ሴቴዋ የሚደርሰው በስስ የውኃ ሽፋን ውስጥ ዋኝቶ ነው። ወገኑን ማወቅ ቢቀልም፣ ዝርያዎቹን እርስ በርስ ለመለየት ግን ማይክሮስኮፕ ግድ ነው፤ የቅጠሉ ጠርዝ በረዣዥም ሕዋሳት መከበቡና አለመከበቡ ከዋና መለያዎቹ አንዱ ነው።