የኪድ ክሪክ ጥንታዊ ውሃ

በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ቲሚንስ አጠገብ ባለው የኪድ ክሪክ የመዳብና የዚንክ ማዕድን ማውጫ ከጥልቁ ዓለት ስንጥቅ የሚፈልቀው ውሃ እጅግ ጨዋማ ነው። ጨው ብቻውን ግን ምንጭን አይመሰክርም፤ የባሕር ውሃም፣ ዓለት ውስጥ ለረጅም ዘመን የቆየ ውሃም ጨዋማ ነው። ሃርሞን ክሬግ እ.ኤ.አ. በ1961 የዝናብ ውሃ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን አይሶቶፖች በአንድ መስመር እንደሚሰለፉ አሳየ፤ የካናዳ ጥልቅ ጨዋማ ውሃ ከዚያ መስመር በላይ ስለሚውል የቅርብ ዘመን ዝናብ ነው ማለት ያዳግታል።

በ2013 ደግሞ ከኪድ ክሪክ 2.4 ኪሎ ሜትር ጥልቀት በተቀዳው ውሃ ውስጥ ያሉት ጋዞች፣ ከእነርሱም ሂሊየምና ዜኖን፣ ቢያንስ 1.5 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ አመለከቱ። ጋዙ ከዓለቱ ሾልኮ የገባ ቢሆንስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሂሊየሙ በእርግጥ ከዓለት ይመነጫል። ቀላሎቹ የዜኖን አይሶቶፖች ግን የጥንቱን ከባቢ አየር አሻራ ይዘዋል፤ ይህን አሻራ በዓለቱ ውስጥ ያለው የዩራኒየም መሰንጠቅ አይፈጥረውም።