የካራቫን መኪና መጸዳጃ ቤትና እጣቢ ውሃ አያያዝ

በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ለመጡት ብዙ ቤተሰቦች «ካራቫን» ማለት በሰፈር ተደርድሮ የቆመ፣ ሰው ለዓመታት የኖረበት ቀላል ቤት ነው። ዛሬ ልጆችና የልጅ ልጆች ለእረፍት ተከራይተው ወደ ኪኔሬት የሚሄዱበት ካራቫን ግን ሌላ ነው፤ መኪና ነው። የሰፈሩ ካራቫን ቧንቧው ከቢዩቭ ጋር የተገናኘ ነበር። መኪናው ግን ንጹሑንም ቆሻሻውንም ውሃ ይዞ ይዞራል።

በውስጡ ሦስት መያዣዎች አሉ። አንዱ የንጹሕ ውሃ ነው። ሁለተኛው ከእቃ ማጠቢያውና ከሻወሩ የሚወርደውን እጣቢ ይቀበላል። ሦስተኛው የመጸዳጃ ቤቱ ነው። በብዙዎቹ፣ በተለይም አውሮፓ በተሠሩት መኪናዎች፣ ይህ ሦስተኛው «ካሴት» ይባላል። የዘፈን ካሴት አይደለም፤ ከመቀመጫው ሥር የተገጠመ፣ ከውጭ በኩል ባለች ትንሽ በር ተስቦ የሚወጣ፣ እጀታ ያለው ጄሪካን መሰል እቃ ነው። ከ17 እስከ 20 ሊትር ያህል ይይዛል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የአንድ ጤነኛ ሰው ሽንት በቀን 1 ሊትር ተኩል ያህል ይሆናል። አራት ሰው ካለ 6 ሊትር ነው። ከላይ የሚለቀቀው ውሃ ሲጨመርበት ካሴቱ በሁለት ቀን ገደማ ይሞላል።

ይሉኝታ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ካሴቱን አውጥቶ የሚደፋው ብዙውን ጊዜ ልጅ ወይም አማች ነው። «እንዴት የእኔን ቆሻሻ አማቼ ይሸከማል?» ብለው ውሃ መጠጣት የሚቀንሱ እናቶችና አባቶች አሉ። ይህ ከሽታው ሁሉ የከፋ ጉዳት ነው። ኪኔሬት ከባሕር ወለል በታች ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ፣ በአገር ቤት ዝናብ በሚዘንብበት ወቅት፣ እዚያ ሙቀቱ ከባድ ነው። በእድሜ የገፋ ሰው ጥሙ ቶሎ አይሰማውም። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ውሃ ሲያጥረው ራሱን ሊስት፣ ኩላሊቱም ሊጎዳ ይችላል። መፍትሔው ውሃ መቀነስ ሳይሆን ካሴቱን በየቀኑ መድፋት ነው። ግማሽ ካሴት ለተሸካሚውም ይቀለዋል፤ የሞላው 20 ኪሎ ሊደርስ ይችላልና ወገቡን የሚያመው ሰው አያንሳው።

አደፋፉ ከባድ አይደለም። ጓንት ይደረጋል። ከመቀመጫው ሥር ያለው መዝጊያ በደንብ መዘጋቱ ይታያል፤ ካሴቱ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲደፋ የአየር ማስገቢያው ቁልፍ ተጭኖ ይያዛል፤ አለዚያ እየተንደቀደቀ ይረጫል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተለቀለቀ በኋላ 2 ሊትር ያህል ውሃና በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን መድኃኒት ይጨመርበታል። መድኃኒቱ የሚገባው በመድፊያው አፍ ነው፤ በመቀመጫው በኩል ከፈሰሰ የመዝጊያውን ጎማ ያበላሻል። ከዚያ እጅ በሳሙና ይታጠባል።

የሚደፋው ለካራቫን በተዘጋጀ ማፍሰሻ ነው። የት የት እንዳለ መኪናው ሲከራይ መጠየቅ ይገባል። በመንገድ ዳር ያለው የዝናብ ውሃ መውረጃ ቢዩቭ አይደለም፤ የገባበት ሁሉ ሳይጣራ ወደ ወንዝና ወደ ባሕር ይሄዳል። የኪኔሬት ውሃ ደግሞ የሚጠጣ ውሃ ነው። እጣቢውም ቢሆን ሳሙናና ቅባት አለበትና ሜዳ ላይ አይለቀቅም።

አሜሪካ የተሠሩ ትልልቅ መኪናዎች በካሴት ፋንታ ከሥር የተገጠመ ታንከር አላቸው፤ የሚፈሰው በቱቦ ነው። መጀመሪያ የመጸዳጃ ቤቱ፣ ቀጥሎ እጣቢው ይለቀቃል፤ እጣቢው ቱቦውን አጥቦት ይወጣል። የመጸዳጃ ቤቱ መልቀቂያ ሁልጊዜ ክፍት ከተተወ ፈሳሹ ብቻ ይወጣና ወፍራሙ እታች ደርቆ ይቀራል።

ትልቁ ስህተት ከንጽሕና ፍቅር የሚመጣ ነው፤ ሽታ ለማጥፋት በረኪና፣ እዚህ አገር ኤኮኖሚካ የሚባለውን፣ ካሴቱ ውስጥ መጨመር። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። አሲድ ካለው ማጽጃ ጋር ሲቀላቀልም ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በጠባብ መኪና ውስጥ ይህ አደገኛ ነው። ዓይንና ጉሮሮ ማቃጠል ወይም ሳል ከጀመረ ሁሉም ሰው ወጥቶ በሩ ክፍት ይተው፤ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ወደ 101 ይደወል።

ማግቮኒምም ወደ መጸዳጃው አይጣልም፤ አይሟሟም፣ ይዘጋል። ቶሎ የሚሟሟ ቀጭን ወረቀት በቂ ነው። የወጥ ቅባትና የቡና አተላም እንዲሁ እጣቢውን ያሸቱታል፤ ሳህኑ ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይጠረግ።

ሰንበት ለሚጠብቅ ቤተሰብ ካሴቱ ዓርብ ከሰዓት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደፋል። ውሃውን የሚለቀው ቁልፍ በብዙዎቹ መኪናዎች በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ፣ በሰንበት ምን እንደሚደረግ ቄሱን ወይም ረቢውን ከጉዞው በፊት መጠየቅ ነው። አንዳንዱ አንድ ባልዲ ውሃ ቀድቶ አጠገቡ ያስቀምጣል።

ንጹሕ ውሃ የሚሞላበት ቱቦ ካሴቱ ከሚለቀለቅበት ቱቦ የተለየ መሆን አለበት። ሁለቱን በቀለም መለየት ይረዳል።