የግል ተጠያቂነት፦ መረጃ ሲዘረፍ በስሙ የሚጠየቀው ማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ በየሱቁ፣ በየመጋዘኑና በየፋብሪካው አናት ላይ «ኃ.የተ.የግ.ማ.» የሚል ጽሑፍ እናነባለን። ሲዘረዘር «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየነው ትርጉሙን ቆም ብለን አናስበውም እንጂ ከባድ ነገር ይናገራል። ማኅበሩ ቢከስር ወይም ዕዳ ቢቆለልበት ባለቤቶቹ የሚያጡት ያዋጡትን ነው፤ መኖሪያ ቤታቸው አይነካም። ማኅበሩ ራሱ በሕግ ፊት እንደ ሰው ይቆጠራል፤ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ይቀጣል።

የዛሬው ቃል ይህ ከለላ የማያስጥልበትን ቦታ የሚያመለክት ነው። የእንግሊዝኛ ሕግ ዐዋቂዎች «ፐርሰናል ላያቢሊቲ» ይሉታል። ቃሉ አዲስ ባይሆንም፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የባንክና የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። የደንበኞች መረጃ ሲዘረፍ ከድርጅቱ አልፎ የመረጃ ደኅንነት ኃላፊው ወይም የሕግ ተገዥነት (ኮምፕላያንስ) ኃላፊው በራሱ ስም ይከሰሳል? ከራሱ ኪስ ይቀጣል? ከሙያው ይታገዳል?

በአማርኛ ምን እንበለው? አንዳንዶች «የግል ኃላፊነት» ይሉታል። ለዚህም ምክንያት አላቸው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን «ከውል ውጭ የሚደርስ ኃላፊነት» ሲል ይህንኑ ሐሳብ ነው የያዘው፤ የማኅበራቱ ስምም ከዚያው ነው። ችግሩ ከሕግ መጽሐፍ ውጭ ቃሉ ሌላ ሥራ ይዟል። «ኃላፊነት ተሰጠው» ስንል ተሾመ ማለታችን ነው። «ኃላፊነት የሚሰማው ሰው» ስንል እያመሰገንነው ነው። በቅጥር ውል ላይ «የግል ኃላፊነት ይኖርብዎታል» የሚል ዐረፍተ ነገር ያነበበ ሠራተኛ ሥራውን በትጋት እንዲሠራ የተመከረ ይመስለዋል እንጂ ፍርድ ቤት ሊቆም እንደሚችል አይገባውም። «የግል ዕዳ» የሚሉም አሉ፤ ዕዳ ግን ስለ ገንዘብ ብቻ ይናገራል፣ እስራትንና ከሙያ መታገድን አይሸከምም።

እኔ «የግል ተጠያቂነት» እላለሁ። ሥሩ «ጠየቀ» ነው። ተጠያቂ ማለት የሚጠየቅ፣ ሲጠየቅም መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ሰው ነው። ይህን ትርጉም የመረጥኩት ስለሚጥም ብቻ አይደለም፤ ቃሉን በዓለም ዙሪያ ያሳወቀው ጉዳይ ራሱ ተጠይቆ እውነቱን የደበቀ ሰው ታሪክ ስለሆነ ነው።

ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በመሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ሲቀጠር «ተያዥ አምጣ» ይባላል። ካዝናው ተቆጥሮ ጉድለት ከተገኘ የሚጠየቀው ያ ገንዘብ ያዥ በስሙ ነው፤ እሱ ከጠፋ ደግሞ ተያዡ። ሌሊት ሌባ ካዝናውን ሰብሮ ቢወስድ ግን ነገሩ ይለያል። ቁልፉን በአግባቡ ከያዘ፣ ጠዋት ደርሶ ሲያይ ለአለቃውና ለፖሊስ ካመለከተ፣ ሌባው ነው የሚፈለገው። ካዝናው ባዶ መሆኑን አይቶ በመዝገቡ ላይ «ሙሉ ነው» ብሎ ከፈረመ ግን ከዚያች ፊርማ ጀምሮ ጉዳዩ የራሱ ይሆናል።

እውነቱን የደበቀ ያልኩት ሰው ጆ ሱሊቫን ነው፤ በስልክ ታክሲ የሚያስጠራው የኡበር ዋና የደኅንነት ኃላፊ ነበር። ቀድሞ በካሊፎርኒያ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሆኖ የኮምፒውተር ወንጀለኞችን ይከስ ነበር፤ በኋላም የፌስቡክ የደኅንነት ኃላፊ ሆነ፤ ወደ ኡበር የሄደው በ2015 ነው (በዚህ ጽሑፍ የፍርድ ጉዳዮቹ ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ኡበር በ2014 አንድ ጊዜ ተዘርፎ ስለነበር የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መረጃ አያያዙን እየመረመረ ነበር። በኅዳር 2016 መጀመሪያ ሱሊቫን ምሎ ለኮሚሽኑ ቃሉን ሰጠ። ከዐሥር ቀን በኋላ ድርጅቱ እንደገና መዘረፉን የሚነግር ኢሜይል ደረሰው።

ዘራፊዎቹ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። የኡበር ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትሀብ ውስጥ በተሰረቀ የይለፍ ቃል ገቡ፤ እዚያም የአማዞን የመረጃ ማከማቻን የሚከፍት ቁልፍ አገኙ። ቁልፉ ከኮዱ ጋር ተጽፎ ተቀምጦ ነበር፤ የቤት ቁልፍ በሩ ላይ ትቶ እንደመሄድ ነው። የ57 ሚሊዮን ተሳፋሪዎችንና ሾፌሮችን መረጃ ወሰዱ፤ ከዚያም ውስጥ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ የአሜሪካ ሾፌሮች የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ነበር። ይህን ቁጥር ዝም ብለን አንለፈው። በዋሽንግተንና በሲያትል ኡበር ነድተው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ለአገር ቤት ገንዘብ የሚልኩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። የመንጃ ፈቃድ ቁጥሩ ስለወጣበት ሾፌር ስንነጋገር ስለምናውቀው ዓይነት ሰው ነው የምንነጋገረው።

ሱሊቫን ዝርፊያውን ኡበርን ለሚመረምረው ኮሚሽን አላሳወቀም። ለዘራፊዎቹ 100 ሺህ ዶላር በቢትኮይን ተከፈላቸው፤ የተከፈለውም በክፍተት ጠቋሚ ወሮታ ስም ነው። ይህ ወሮታ ጥሩ ሐሳብ ያለው አሠራር ነው፦ በቅን ልቡና ቀዳዳ አግኝቶ የሚያሳውቅ ባለሙያ ይሸለማል። የኡበር ወሮታ በደንቡ ከ10 ሺህ ዶላር አያልፍም ነበር። ዘራፊዎቹ ምስጢር ለመጠበቅ ውል ፈረሙ። ውሉ ውስጥ ምንም መረጃ አልወሰድንም፣ አላስቀመጥንምም የሚል ቃል ነበረበት። ሐሰት ነው። መጀመሪያ በሐሰት ስማቸው ፈርመው፣ ማንነታቸው ሲታወቅ ያንኑ ውል በእውነተኛ ስማቸው እንደገና ፈረሙ። ባዶው ካዝና ላይ «ሙሉ ነው» የተባለው እዚህ ጋ ነው።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ዳራ ኮስሮሻሂ በኅዳር 2017 ነገሩን ይፋ አድርጎ ሱሊቫንን አሰናበተ። ኡበር በ2018 ለአሜሪካ ግዛቶች 148 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በጥቅምት 2022 በሳን ፍራንሲስኮ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች (ጁሪ) ሱሊቫንን በሁለት ወንጀል ጥፋተኛ አሉት፦ የኮሚሽኑን ምርመራ በማደናቀፍና ከባድ ወንጀልን አውቆ በመደበቅ። ዐቃቤ ሕግ 15 ወር እስራት ጠይቆ ነበር። ዳኛ ዊልያም ኦሪክ በግንቦት 2023 የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ 50 ሺህ ዶላር መቀጮና 200 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ወሰኑበት፤ ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ግን እንደሚታሰር በችሎት አስጠነቀቁ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2025 ፍርዱን አጸና።

ሁለተኛው ወንጀል በራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል። በአሜሪካ ሕግ ወንጀል ዐውቆ ዝም ማለት ብቻውን አያስቀጣም፤ ለመደበቅ አንድ ተጨባጭ ነገር መደረግ አለበት። ውሸት የተጻፈበት ያ ውል ሱሊቫንን የጎዳው ለዚህ ነው። ስለዚህ «የተዘረፈ ድርጅት ኃላፊ ይታሰራል» እያሉ የሚያስፈራሩ ሰዎች ተሳስተዋል። ሱሊቫን የተፈረደበት ቤቱ ስለተሰበረ አይደለም።

ይህ ልዩነት በሌላ ጉዳይም ታይቷል። ሶላርዊንድስ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት በ2020 የሩሲያ መንግሥት ሰርጎ ገቦች ምርቱን መርዘው ወደ 18 ሺህ ደንበኞች እንዳደረሱበት ሲታወቅ ዓለም ደንግጦ ነበር። የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ በጥቅምት 2023 ድርጅቱንና የመረጃ ደኅንነት ኃላፊውን ጢሞቲ ብራውንን በፍትሐ ብሔር ከሰሰ። ዳኛ ፖል ኤንግልማየር በ2024 አብዛኛውን ክስ ጣሉት፤ የተረፈው ዋናው ድርጅቱ ስለ ደኅንነቱ በድረ ገጹ ላይ የሰጠው መግለጫ ከእውነታው ጋር አይገጥምም የሚለው ነበር። በኅዳር 2025 ተቆጣጣሪው ያንንም ተወ። ብራውን ነጻ ወጣ፤ ሁለት ዓመት ግን በስሙ በተጻፈ ክስ ሥር ኖሯል።

በሕግ ተገዥነት በኩልም መንገዱ ቀድሞ ተጠርጓል። የአሜሪካ ግምጃ ቤት የገንዘብ አስተላላፊውን የመኒግራምን የቀድሞ ዋና የሕግ ተገዥነት ኃላፊ አጭበርባሪ ወኪሎችን አላስቆመም ብሎ በ2014 በግሉ አንድ ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፤ ተከራክሮ በ2017 በ250 ሺህ ዶላርና በሦስት ዓመት እገዳ ተስማማ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የሚያስቆጣኝ ነገር አለ። የኡበር የያኔው ሥራ አስኪያጅ ትራቪስ ካላኒክ ነገሩን ያውቅ እንደነበር በችሎቱ ተነግሯል። አልተከሰሰም። ዳኛ ኦሪክ ራሳቸው ለምን ብለው ጠይቀዋል። ተጠያቂነት ከአለቃው ወርዶ ሁለተኛው ወንበር ላይ ከቆመ፣ ያ ወንበር ለመታረጃ የተዘጋጀ ሰው መቀመጫ ይሆናል። የንግድ ኮሚሽኑ በ2023 በድሪዝሊ ጉዳይ የተሻለ መንገድ አሳይቷል። ይህ የመጠጥ ማድረሻ ድርጅት የ2.5 ሚሊዮን ሰው መረጃ አስዘርፎ ነበር፤ ትእዛዙ የተጻፈው በሥራ አስኪያጁም ስም ስለሆነ ወደ ሌላ ድርጅት ቢዛወር የመረጃ ጥበቃ ግዴታው ተከትሎት ይሄዳል።

አሁን ወደ አገራችን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ የግል መረጃ የያዘ ድርጅት ጥሰት መድረሱን ባወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛል። ከዚያ በፊት የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አገልግሎት ሰጪዎች በሚያስተዳድሩት ሥርዓት የተፈጸመን ወንጀል ሲያውቁ እንዲያመለክቱ ግዴታ ጥሏል። ስለዚህ «ተጠያቂ» የሚለው ቃል በእኛም ቤት ሥራ ጀምሯል።

ስለ ሹመቱ ስምም አንድ ቃል ልበል። እንግሊዝኛው ምኅጻር «ሲሶ» ተብሎ ስለሚነበብ አንዳንድ ወጣቶች እንዲሁ ይጽፉታል። በአማርኛ ሲሶ ከሦስት አንድ እጅ ነው፤ ቃሉ ባለቤት አለውና ሌላ አንጫንበት። «የደኅንነት ኃላፊ» ብቻ ማለትም የስለላ ሹም ያስመስላል። «የመረጃ ደኅንነት ኃላፊ» ሙሉ ነው፤ ቢረዝምም ይሁን።

ይህን ሥራ ለምትይዙ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ስትቀጠሩ ውላችሁ ላይ ተጠያቂነቱ ብቻ ሳይሆን ሥልጣኑም ይጻፍ፦ ጥሰት ሲደርስ ለቦርዱ በቀጥታ የመናገር መብት፣ በሥራችሁ ምክንያት ብትከሰሱ የጠበቃ ወጪ የሚሸፍን ዋስትና። ከዚያ ደግሞ ጥሰት እንደደረሰ የሰማችሁበትን ቀንና ሰዓት በዚያው ቅጽበት ጻፉ፤ ለማን እንደነገራችሁም ጻፉ። አለቃ «ለጊዜው ይቆይ» ቢል ቃሉን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። 72ቱ ሰዓት የሚቆጠረው ድርጅቱ ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ እናንተ የሰማችሁበት ሰዓት ነው።